የጠፋ የቤተሰብ ምግብ አሠራር ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በልጅነታችን በልተነው፣ ካደግን በኋላ የትም ያጣነው ምግብ ብዙዎቻችን አለን። ያበሰሉት ሰው አርፈው ይሆናል፤ ቤቱ ተበትኖ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ይጠፋል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ሳይጻፍ ቀርቷል። ከዚህ በታች ያሉት እንዲህ ያለ ፍለጋ የጀመሩ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። በመልሶቹ ሁሉ ውስጥ አንድ እምነት አለኝ፤ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የገቡት ነገሮች ዝርዝር ሳይሆን የእጅ ሥራው ነው። ምን እንደገባበት ብቻ የጠየቀ ሰው ዝርዝሩን ይዞ ጣዕሙን ያጣል።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

ከሰው ይጀምሩ፤ ከሰዎቹም በዕድሜ ከገፉት። መጽሐፉም ሆነ የተቆለፈው ሣጥን የዛሬ ዓመት እዚያው ይገኛል፤ የ85 ዓመቷ አክስትዎ ግን ላይገኙ ይችላሉ። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ወራት አሳልፎ ስልክ መደወሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት።

ከልጆችና ከልጅ ልጆች ውጭ ያሉትንም ያስቡ። ወጥ ቤት ውስጥ ይውል የነበረው ማን ነው? ሽንኩርት ትከትፍ የነበረችው ታናሽ እህት፣ ዕቃ ለመግዛት ይላክ የነበረው ልጅ፣ በሥራ ያግዙ የነበሩት ሴት፣ ወንፊትና ቅመም ይዋዋሱ የነበሩት ጎረቤት፤ እነዚህ ሰዎች ምግቡን ተቀምጦ ከበላው ሰው ይልቅ ያውቃሉ። በላተኛው የሚያስታውሰው ሳህኑን ነው። የተላከው ልጅ ግን ምን ገዝቶ እንደመጣ፣ የተሳሳተ ዓይነት ይዞ ሲመጣም እንዴት እንደተቆጡት አይረሳም።

ለማንም ከመደወልዎ በፊት ግን የራስዎን ትዝታ ብቻዎን ሆነው ይጻፉ። የሌላ ሰው ወሬ አንዴ ከሰሙ በኋላ የእርስዎ የትኛው፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

ትዝታዬን ምን ያህል ልመነው?

ስሜቱን ይመኑት፤ ዝርዝሩን ግን ይመርምሩት። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው በምላስ ሳይሆን በአፍንጫ የሚታወቅ ነው። ስናኝክ የምግቡ መዓዛ ከአፋችን በስተኋላ ወደ አፍንጫ ይወጣል። የማሽተት መልእክት ደግሞ ስሜትንና ትውስታን ወደሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች፣ ወደ አሚግዳላና ወደ ሂፖካምፐስ፣ የሚደርሰው ከማየትና ከመስማት ይልቅ በአጭር መንገድ ነው። በመዓዛ የሚቀሰቀሱ ትዝታዎች በብዛት ከ10 ዓመት ዕድሜ በፊት የነበሩ መሆናቸውን በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በቃል የሚቀሰቀሱት ግን ከዚያ ወዲህ ወዳለው ዕድሜ ያደላሉ። የአንድ ድስት እንፋሎት ድንገት እንባ ቢያመጣብዎ ምክንያት አለው።

ሆኖም ትዝታው ስለበረታ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ብዙ ስኳርና ብዙ ጨው ይወዳሉ፤ መራራ ነገርም ይበልጥ ይሰማቸዋል። ያኔ የቀመሰው ምላስ የዛሬው ምላስዎ አይደለም። ስለዚህ «በጣም ይጣፍጥ ነበር» የሚለው ብዙ አይረዳዎትም። «ከሥሩ ጠቆር ያለ ቅርፊት ነበረው» የሚለው ግን ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሲጽፉ ዓይንና ጆሮ የያዙትን ያስቀድሙ። ቀለሙ ምን ይመስል ነበር? ከማንኪያው ሲወርድ ይንጠባጠባል ወይስ ይጓተታል? ክዳኑ ተከፍቶ ነበር ወይስ ተዘግቶ? ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ ይደርሳል ወይስ ያድራል? የሚበስለው በየትኛው ወራት ነበር? ማን ያማስል ነበር፣ እርስዎስ በስንት ዓመትዎ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ምግቡን ከአንድ ቤትና ከአንድ ምድጃ ጋር ያስተሳስርልዎታል። ወንድሞችና እህቶች ካሉዎት ለየብቻ ይጠይቋቸው። አንድ ላይ ከተቀመጡ ቀድሞ የተናገረው ሰው ትዝታ የሁሉም ይሆናል።

አያቴ አሉ። ስንት ስንት እንደሚያስገቡ ስጠይቃቸው ግን «በዓይኔ ነው» ይሉኛል። እንዴት ልለካው?

እውነታቸውን ነው፤ ለዘመናት ያበሰለ እጅ ስኒ አይፈልግም። «ስንት» የሚለውን ጥያቄ ይተዉትና አብረዋቸው ያብስሉ።

እጃቸውን ሳያስቆሙ መለካት የሚቻልበት መንገድ አለ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዱቄቱን ዕቃ፣ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የውሃውን ጆግ፣ የጨውንና የቅመሙን ብልቃጥ ሁሉ በዲጂታል ሚዛን መዝነው ይጻፉ። ባዶውን ድስትም ይመዝኑት። ከዚያ እሳቸው እንደልማዳቸው ያብስሉ፤ በእፍኝም ይስጡ፣ በቁንጥርም ይበትኑ። ሲያበቁ ዕቃዎቹን እንደገና ይመዝኑ፤ የጎደለው ሁሉ ድስቱ ውስጥ የገባው ነው። ድስቱን ከነምግቡ ሲመዝኑት ደግሞ ምን ያህል ውሃ እንደተነነ ያውቃሉ። ይህ ማንም በቃሉ የማይነግርዎ፣ የምግቡን ውፍረት ግን የሚወስን ቁጥር ነው። ለቅመም እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ቢኖር ይመረጣል፤ የወጥ ቤት ሚዛን 2 ግራምን በደንብ አያይም።

ስልክዎን ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውንና ድስቱን በሚያሳይ ቦታ ያቁሙ፤ ድምፁም ይቀረጽ። ሽንኩርት ውሃው እያለ ሲቁላላና ውሃው ካለቀ በኋላ የሚያሰማው ድምፅ የተለያየ ነው፤ አያትዎ «አሁን» የሚሉት ይህን ሰምተው ይሆናል። ሊጥ ከሆነ በየደረጃው እጅዎን ያስገቡ። ልስላሴውን ቪዲዮ አያሳይም።

እየሠሩ ሳሉ የሚጠየቁት ጥያቄዎችም ይለያሉ። «መድረሱን በምን ያውቃሉ?» «እሳቱ ቢበረታ ምን ይሆናል?» «የሚቸኩል ሰው የቱን ይዘላል?» ከሁሉም በላይ ግን የምወደው «ሲበላሽ ምን ይመስላል?» የሚለው ነው። ባለሙያ ስለ ጥሩው ሲጠየቅ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ስለተበላሸው ሲጠየቅ ግን ምክንያቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አሠራሩ ያለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ዕድሜ ሲገፋ የማሽተት ኃይል ይቀንሳል፤ ይህም ከ60ዎቹና ከ70ዎቹ ወዲህ ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ ዛሬ የሚያስገቡት ጨውና ቅመም ያኔ ያስገቡት ከነበረው ሊበልጥ ይችላል። የመዘኑትን እንዳለ ይያዙት፤ ያን ዘመን የሚያውቅ ሌላ ሰውም ያስቀምሱ።

የሚያውቁት ሰው የመርሳት ሕመም አለባቸው። ዘግይቻለሁ?

ላይሆን ይችላል። በእጅ የተለመደ ሥራ የሚቀመጥበት ትውስታ ስምና ቀን ከሚቀመጡበት የተለየ ነው። በአልዛይመር ሕመምም ብዙ ጊዜ ከሌላው ዘግይቶ ይጎዳል። አሠራሩን መናገር የማይችሉ ሰው ሊጡ ፊታቸው ሲቀርብ ማሸት ሊጀምሩ ይችላሉ። ስለዚህ አይጠይቋቸው፤ ቅመሙን ያሽትቷቸው፣ ማማሰያውን በእጃቸው ያስይዙ፣ የተለመደውን ዕቃ አጠገባቸው ያድርጉ። ቢሳሳቱ አያርሙ። ከደከሙ ወይም ከተረበሹ እዚያው ያቁሙ። የሳቸው ሰላም ከማንኛውም አሠራር ይበልጣል፤ አብሮ ማብሰሉ ምንም ባያስገኝ እንኳ በከንቱ የጠፋ ጊዜ አይደለም።

ያበሰሉት ሰው አርፈዋል፤ የተጻፈም ነገር የለም። አሁንስ?

ዕቃቸው ይናገራል። የድስቱ ስፋትና ውፍረት፣ የማማሰያው አበላል፣ የወፍጮው ወይም የሙቀጫው ዓይነት፣ የመጋገሪያው ቆርቆሮ መጠን ሁሉ ማስረጃ ነው። የመጋገሪያውን ቆርቆሮ በውሃ ሞልተው ውሃውን ቢለኩት ሊጡ ምን ያህል እንደነበር ይገምታሉ። የድሮ ፎቶግራፎችን አጉልተው ይመልከቱ፤ ከሰዎቹ ኋላ መደርደሪያው ላይ የቆመ ጣሳ፣ ጠረጴዛው ላይ የተተወ ፓኬት ይታይ ይሆናል።

ወረቀትም ቢሆን «የለም» ከማለትዎ በፊት ሰው የማይፈልግበት ቦታ ይፈልጉ። የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ፣ የቁም ሣጥን በር ውስጠኛው ገጽ፣ የጸሎት መጽሐፍ ወይም የልጆች ደብተር የመጨረሻ ገጽ፣ ለሩቅ ዘመድ የተላከ ደብዳቤ። ደብዳቤውን የያዘው ተቀባዩ ነውና ወደ ሌላ አገር የሄደ ዘመድ ካለ ይጠይቁ፤ ተለያይቶ የሚኖር ቤተሰብ አሠራር የሚጽፈው ለራቀው ሰው ነው። የታተመ የምግብ መጽሐፍ ከቀረ ደግሞ ቅባት የነካውን፣ ዱቄት የተጣበቀበትን ገጽ ይፈልጉ። ንጹሕ ገጽ ያልተሠራበት ነው።

ሊያሳዝን የሚችል፣ ግን ብዙ ፍለጋ የሚፈታ ሌላ ነገር አለ። የቤተሰብ ምስጢር ተብሎ የኖረ አሠራር የተቀዳው ከዱቄት ከረጢት ጀርባ ወይም ከቅቤ መጠቅለያ ላይ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለመሸጥ በማሸጊያቸው ላይ አሠራር ማተም ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይህ የእናትዎን ክብር አይቀንስም፤ ሠላሳ ዓመት ሲሠሩት የራሳቸው አድርገውታል። የምርቱ ስም ከታወቀ ግን ለአምራቹ ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፤ የቆዩ ድርጅቶች የድሮ ማሸጊያዎቻቸውን የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ።

ስሙን የሚያውቅ ከቤተሰባችን ውጭ የለም። እንዴት ልፈልገው?

ስሙን ይተዉት። ቤተሰብ ለምግብ የሚያወጣው ስም ከአንድ ልጅ ኮልታፋ አንደበት ወይም ከአንዲት ጎረቤት ስም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። በገቡበት ነገሮችና በአሠራሩ ይፈልጉ፤ «የተቀቀለ ድንች በሊጥ ውስጥ፣ በእንፋሎት የበሰለ» የሚለው ፍለጋ ከማንኛውም የቁልምጫ ስም ይሻላል።

ቀጥሎ የሰውየውን የሕይወት መንገድ ይከተሉ። የት ተወለዱ? ማብሰል የተማሩት ከማን ነው? በሰው ቤት፣ በሆቴል፣ በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርተዋል? ከሌላ አካባቢ የመጣ ባል ወይም አማት ነበራቸው? ብዙ «የእኛ ቤት ብቻ» የሚባሉ ምግቦች የሁለት ቦታ አሠራር በአንድ ምድጃ ላይ ተገናኝቶ የወለዳቸው ናቸው። ፍለጋውንም ሰውየው በተማሩበት አገር ቋንቋ ያድርጉት።

የትኞቹ የድሮ ሰነዶች በነጻ ይገኛሉ?

ምግቡ ወይም ያበሰሉት ሰው ከውጭ አገር ጋር ግንኙነት ካላቸው ያሉት በሮች ሰፊ ናቸው። ኢንተርኔት አርካይቭ በርካታ የቆዩ የምግብ መጻሕፍትን በነጻ ያስነብባል፤ የጠፉ ድረ ገጾችንም ያስቀመጠ በመሆኑ ከዓመታት በፊት አይተውት የተዘጋ አድራሻ ካለ እዚያ ይሞክሩ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የሚባሉ የጋዜጣ ስብስቦች አሏቸው፤ ሁለቱም በቃል ይፈተሻሉ። ጋዜጣ አይናቅ። የአንድ ዘመን የቤት እመቤቶች አሠራር የሚለዋወጡት በሴቶች ዓምድ ላይ ነበር፣ ከመጽሐፍ ይልቅም ለተራው ቤት ይቀርባል። በለንደን ያለው ዌልካም ኮሌክሽን በእጅ የተጻፉ የቤት ውስጥ የአሠራር ደብተሮችን በምስል አስቀምጧል። በሳን አንቶኒዮ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሜክሲኮ የምግብ መጻሕፍትን ይሰበስባል፤ ከእነሱም መካከል እ.ኤ.አ. ከ1789 ጀምሮ በእጅ የተጻፉ የቤተሰብ ደብተሮች አሉ።

በአቅራቢያዎ ያለ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛንም ያነጋግሩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወድ ሠራተኛ ሲገኝ የወር ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል።

በእጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ፤ ግን ደብዝዟል።

ምንም ከማድረግዎ በፊት በሁለቱም ገጽ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው በድጋሚ ያንሱ፤ ብዕር ወይም እርሳስ የጫነበት ቦታ ጥላ ይሠራል። ፎቶውን በስልክ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠው ንፅፅሩን ከፍ ያድርጉ። የቆየ ጥቁር ቀለም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ጎልቶ የሚወጣበት ጊዜም አለ። በፕላስቲክ አያስለብጡት፤ ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱን ይጎዳል፣ መመለሻም የለውም። የማይነበብ ቃል ሲያጋጥም ያው ሰው በሌላ ቦታ የጻፉትን ፊደል አጠገቡ አድርገው ያነጻጽሩ።

ልኬቶቹ ግራ አጋቡኝ። «አንድ ስኒ»፣ «መካከለኛ እሳት»፣ «በቂ ዱቄት» ምን ማለት ነው?

መጀመሪያ የተጻፈበትን አገርና ዘመን ይለዩ። የአሜሪካ ስኒ 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በሜትር ሥርዓት በሚጠቀሙ አገሮች 250፣ በድሮው የእንግሊዝ ልኬት 284፣ በጃፓን 200 ነው። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። የእንግሊዝ ፓይንት 568፣ የአሜሪካው 473 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ስኒ ዱቄት እንደ አሞላሉ ከ120 እስከ 150 ግራም ይመዝናል፤ ይህ ልዩነት ብቻውን ለስላሳውን ኬክ ደረቅ ያደርገዋል። እርጥቡ እርሾ በደረቁ ፈጣን እርሾ ሲተካ ሲሶው ክብደት ይበቃል። ቴርሞሜትር ላልነበራቸው ምድጃዎች የተጻፉ አሠራሮች «ለዘብ ያለ» ሲሉ 150፣ «መካከለኛ» ሲሉ 180፣ «ኃይለኛ» ሲሉ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማለታቸው ነው።

ስኒው የቤቱ ስኒ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። ዕቃውን ራሱን ያግኙት። ከተሰበረም ያየው ሰው አሁን ካሉት ብርጭቆዎች መካከል የሚመስለውን ይምረጥልዎ።

«በቂ» የሚለው ቃል አያናድድዎ። በየል ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት፣ ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት በሸክላ ላይ የተጻፉት የባቢሎን አሠራሮች እንኳ የሚገባውን ይዘረዝራሉ እንጂ ልኩን እምብዛም አይናገሩም። የተጻፉት ማብሰል ለሚያውቅ ሰው ነበር፤ የእናትዎ ወረቀትም እንዲሁ።

እንደተጻፈው ሁሉ አደረግሁ። ለምን ያ ጣዕም የለውም?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ «ሆን ብለው አንድ ነገር ደብቀውኛል» የሚለው ጥርጣሬም የሚመጣው እዚህ ነው። እኔ ለመደበቅ ሳይሆን ለመዘንጋት አደላለሁ። የሚያበስል ሰው የማይጽፈው ለእሱ ግልጽ የሆነውን ነው። የጎደለው ነገርም ብዙ ጊዜ ማንም እንደ ግብዓት የማይቆጥረው ነው፦ ቅባቱ፣ እሳቱ፣ ዕቃው፣ ውሃው፣ ጊዜው።

ከቅባቱ ይጀምሩ። መዓዛ የሚሰጡት አብዛኞቹ ነገሮች የሚሟሙት በቅባት ውስጥ ነው፤ ቅባቱ ሲለወጥ ምግቡ ሁሉ ይለወጣል። በድሮ ጊዜ የእንስሳት ስብ ወይም በቤት የተናጠ ቅቤ ነበር? ወይስ የፋብሪካ የረጋ ዘይት? የረጋው ዘይት ከሆነ ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ ተቀይሮ ይሆናል። የረጋ ዘይት ይሠራባቸው የነበሩት፣ ከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረባቸው ዘይቶች ለልብ ሕመም ስለሚያጋልጡ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ከምግብ እንዲወጡ ወስኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ለአገሮች ሁሉ ጥሪ አቅርቧል። ለውጡ ለጤና መልካም ነው፤ የድሮው ብስኩት ፍርክስክስታ ግን በዛሬው ምርት ላይመለስ ይችላል።

ከዚያ እሳቱና ዕቃው። ምግብ ቡናማ ሲሆን የሚመጣውን ጣዕም የሚፈጥረው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው በፕሮቲንና በስኳር መካከል የሚካሄድ ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ የሚፋጠነው ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው፤ ውሃ ያለበት ድስት ግን ከ100 አያልፍም። ስለዚህ ሽንኩርቱ ውሃው ሳያልቅ ሌላ ፈሳሽ ከተጨመረበት፣ ወይም ሥጋው ተጨናንቆ ከገባ ያ ጣዕም አይፈጠርም። ስስ ድስት በአንድ ቦታ ያሳርራል፤ ወፍራም ብረት ሙቀቱን ያዝ አድርጎ ያቆያል። የከሰልና የእንጨት ጭስም ራሱ ቅመም ነበር፤ በጋዝና በኤሌክትሪክ ላይ ያጡት እሱን ሊሆን ይችላል።

የመኖሪያዎ ከፍታ ተለውጦ ከሆነ እሱንም ይቁጠሩት። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትር ከፍታ በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በከፍታ ላይ ለባቄላ የተጻፈ ሰዓት ባሕር ዳርቻ ላይ ያሟሟዋል። የመጋገሪያ ዱቄት መጠንም ከቦታ ቦታ መስተካከል አለበት፤ በከፍታ ላይ ሊጥ ቶሎ ይነፋል።

ጨውም ያሳስታል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ያህል ሲሆን ጠፍጣፋ ቅንጣት ያለው ጨው ግማሹን ያህል ብቻ ሊመዝን ይችላል። መጠኑን ካሳነሱም ልብ ይበሉ፤ ለሃያ ሰው የሚበስል ትልቅ ድስት ለአራት ሰው ሲከፈል ውሃው ቶሎ ይተንናል፣ ቅመሙም ሰዓት አይበቃውም። በመጨረሻም ያድር እንደነበር ይጠይቁ። የልጅነት ምግብ ሲባል ስንቶቻችን የምናስታውሰው በማግስቱ የሞቀውን ነው!

የጎደለውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አፍንጫዎን ይዘው ይቅመሱ። ያን ጊዜ የሚቀሩት አምስቱ መሠረታዊ ጣዕሞች ናቸው፦ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ መራራ፣ ጃፓናዊው ኪኩናዬ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 የለየው የሥጋ መረቅ የመሰለው ኡማሚም። በዚህ ሁኔታ ልክ ከመሰለዎት ችግሩ መዓዛ ላይ ነው፤ ቅመሙን፣ ቅባቱን ወይም ጭሱን ይመርምሩ። ካልመሰለዎት ደግሞ ከበሰለው ምግብ ለአምስት ስኒዎች ጥቂት ጥቂት አድርገው ለአንዱ ጨው፣ ለአንዱ ሎሚ፣ ለአንዱ ትንሽ ስኳር፣ ለአንዱ ቅባት ይጨምሩ፤ አምስተኛው እንዳለ ይቆይ። አዲስ ድስት ሳይጥዱ የሚበቃ መልስ ያገኛሉ። ከልምዴ የምለው፣ ሎሚ የገባበት ስኒ ሰዉን የሚያስደንቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙከራዬን እንዴት ልምራ?

በትንሽ መጠን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ፣ እየጻፉ። ሁለት ነገር አብረው ከለወጡ የቱ እንደሠራ አያውቁም። ምግቡን የሚያውቅ ዘመድ ካለ ሦስት ስኒ ያቅርቡለት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ይሁን፣ የትኛው እንደሆነ አይንገሩት። የተለየውን መለየት ካልቻለ ያ ለውጥ ጠቃሚ አልነበረም ማለት ነው። የምግብ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ፈተና ይኸው ነው።

ሁለት አክስቶቼ ሁለት የተለያየ አሠራር ነገሩኝ። የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ሰው በሃያ ዓመታቸውና በስድሳ ዓመታቸው አንድ ዓይነት አያበስሉም፤ ኑሮ ሲጠብ አንድ ነገር ይቀራል፣ ሲላላ ሌላ ይጨመራል፣ ሐኪም ጨው ይከለክላል። ታላቋ አክስት የመጀመሪያውን፣ ታናሿ የኋለኛውን አይታለች። ለሁለቱም ዘመን ይስጡና እርስዎ ልጅ የነበሩበትን ይምረጡ። ሌላውንም ግን አይጣሉት፤ ለሌላ የአጎት ልጅ እውነተኛው ጣዕም እሱ ነው።

የሚያውቁት ዘመድ ሊነግሩኝ አይፈልጉም።

አይጫኑ። ለብዙ ሰው ያ ምግብ ሰዎች ወደ ቤታቸው የሚመጡበት ምክንያት ነው፤ አሠራሩን ከሰጡ እንግዳው የሚቀርባቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳይሆን ቀኑን ይለምኑ፦ «አብሬዎት ልዋል፣ ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍ» ይበሉ። በስማቸው እንደሚጠሩት፣ ለማን እንደሚተላለፍም እሳቸው እንደሚወስኑ ቃል ይግቡ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ። ተደብቆ መቅረጽ ግን ተገቢ አይደለም።

የድሮ አሠራር አደጋ አለው?

አንዳንዱ አለው፤ እዚህ ላይ ለትዝታ ብሎ መለሳለስ የለም። አሲድ የሌላቸውን አትክልቶች፣ ባቄላና ሥጋ በውሃ ብቻ አፍልቶ በታሸገ ብልቃጥ ማስቀመጥ ቦቱሊዝም ለሚባለው ገዳይ መመረዝ ያጋልጣል። የባክቴሪያው ዘር በ100 ዲግሪ አይሞትም፤ ከ116 እስከ 121 ዲግሪ የሚደርስ የግፊት ማሸጊያና የተፈተነ የጊዜ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ጥሬ እንቁላል የሚገባበትም ከሆነ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን እንቁላሉን እስከ 71 ዲግሪ ማሞቅ ይገባል። ማንነቱ በውል ያልታወቀ የዱር ቅጠል ወይም እንጉዳይ በግምት አይተኩ።

ካገኘሁት በኋላ እንዴት ልጻፈው? ለሌላስ ማካፈል እችላለሁ?

የገቡ ነገሮችና የመጠናቸው ዝርዝር ብቻውን በአሜሪካ የቅጂ መብት ጥበቃ አያገኝም፤ በራስ ቃል የተጻፈው ማብራሪያና ፎቶግራፉ ግን ያገኛል። ስለዚህ ከታተመ መጽሐፍ ያገኙት ከሆነ ማብራሪያውን በራስዎ ቃል ይጻፉ፣ ምንጩንም ይጥቀሱ። ከሕግ በፊት ግን የቤተሰቡ ፈቃድ ይቅደም።

ሲጽፉ በግራም ይጻፉ፤ የቤቱን ልኬትም አጠገቡ ይተዉት፦ «180 ግራም፣ በእማማ ሰማያዊ ስኒ አንድ ተኩል» እንደሚባለው። የድስቱን ስፋት፣ የሚኖሩበትን ከፍታ፣ የቅባቱን ዓይነትና የጨውን ቅንጣት ይጨምሩ። ከማን፣ መቼ እንደሰሙት ከላይ ይቀመጥ። የተረጋገጠውን ከገመቱት በምልክት ይለዩ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚሠራው ሰው የቱን መነካካት እንደሚችል እንዲያውቅ። የምግቡ መበላሸት ምልክቶችም ይጻፉ። ከዚያ አንድ ቅጂ ወረቀት ላይ አትመው፣ ሌላውን በስልክ፣ ሦስተኛውን በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ እጅ ያስቀምጡ፤ ቪዲዮውንም ጭምር።